ጉድጓድም ቅርስ ነው

ነገሩ የጀመረው በዕጣ ነው። ባለፈው ሴሚስተር የአርኪዮሎጂ መግቢያ መምህራችን የተጠቀለሉ ወረቀቶች ይዘው ገቡና «እያንዳንዳችሁ አንድ አንድ አንሱ» አሉን። የደረሰንን ርዕስ አጥንተን ለክፍሉ ለ15 ደቂቃ ማቅረብ ነበረብን። ለአንዱ ጓደኛዬ ፖምፔይ ደረሰው፤ ለአንዷ ታላቋ ዚምባብዌ፤ የግብፅ ፒራሚዶች የደረሱት ልጅማ በደስታ ሊዘል ምንም አልቀረው። የእኔን ስገልጠው «በ16ኛውና በ17ኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ ጫካዎች ውስጥ የተካሄደ የእርሳስ ማቅለጥ ሥራ ቅሪት» ይላል። አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ አንገቱን አስግጎ አነበበና «እርሳስ ጫካ ውስጥ ካቀለጡ ላጲሱንስ የት ነው የሚያቀልጡት?» ብሎ ክፍሉን በሳቅ ሞላው።

እስቲ እዚህ ላይ አንድ ነገር ላጥራ። የምንጽፍበት እርሳስ ውስጥ እርሳስ የለም፤ ያለው ግራፋይት የሚባል የካርቦን ዓይነት ነው። እኔ የምለው ያንን ከባዱን፣ ግራጫውን፣ በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚቀልጠውን፣ የጥይት አረር የሚሠራበትን ማዕድን ነው። (በዚህ ጽሑፍ የጠቀስኳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ያገኘኋቸው ፎቶግራፎች መጀመሪያ ተስፋ አስቆረጡኝ። ግንብ የለም፣ ሐውልት የለም፣ ወርቅ የለም። የረገፈ ቅጠል የሞላበት ጉድጓድ ብቻ። «በዚህ ላይ 15 ደቂቃ ምን ልበል?» አልኩ። ደግሜ ሳየው ግን ልቤ ደንገጥ አለ። እንግሊዝን በእግሬ ረግጬ አላውቅም፤ ይሄን ነገር ግን አውቀዋለሁ። አባቴ ከሰል አክሳይ ነው። ያደግኩት ስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ ግራር በሞላበት ቀበሌ ነው። የእሱ የከሰል ክምር ከተነሣ በኋላ መሬቱ ላይ የሚቀረው ጥቁር ክብና ያ ፎቶግራፍ ዘመዳሞች ናቸው። ይህንን ለክፍል ጓደኞቼ ነግሬያቸው አላውቅም ነበር። የምዝገባ ቅጹ ላይ «የወላጅ ሥራ» የሚለውን ቦታ 2 ዓመት ሙሉ «ገበሬ» እያልኩ ነው የሞላሁት።

ዛሬ ብዕር ያነሣሁት አንድ ሐሳብ ለመሰንዘር ነው። እኛ የታሪክና የቅርስ ተማሪዎች ቅርስ የሚለው ቃል ጠቦብናል። ጫካ ውስጥ ያለ የሠራተኛ ጉድጓድ እንደ ቤተ መንግሥቱ ሁሉ ሰነድ ነው። ልዩነቱ ጉድጓዱን ማንበብ ያስተማረን አለመኖሩ ነው። የማይነበብ ሰነድ ደግሞ ጠፋም ኖረም ማንም አይጨነቅለትም።

ወደ እንግሊዝ ልመለስ። በመካከለኛው እንግሊዝ ደርቢሸር የሚባል አውራጃ አለ። ከሮማውያን ዘመን ጀምሮ እርሳስ የወጣበት አገር ነው። እስከ 16ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ድረስ ማዕድኑን የሚያቀልጡት ነፋስ በሚመታው ኮረብታ አናት ላይ ነበር። ድንጋይ ይክባሉ፣ ግንድ ይረበርባሉ፣ ማዕድኑን ከላይ ይከምራሉ፣ ከዚያ ነፋስ ይጠብቃሉ። ነፋሱ ከቀረ ሥራውም ቀረ ማለት ነው። ይህን ማቅለጫ «ቦል» ይሉታል፤ ዛሬም በዚያ አካባቢ «ቦል ሂል» የሚባሉ ኮረብታዎች አሉ። ችግሩ ቦሉ ትላልቅ የማዕድን አንኳሮችን ብቻ ነው የሚቀበለው፤ ከእርሳሱም ብዙው ዝቃጩ ውስጥ ይቀር ነበር።

በ1530ዎቹ ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ገዳማቱን ሲዘጋ ከየጣሪያቸው የተገፈፈው እርሳስ ገበያውን አጥለቀለቀውና ዋጋው ወደቀ። ያ ክምችት ሲያልቅ ግን ፈላጊው በዛ፤ ለጣሪያ፣ ለመስኮት፣ ለቧንቧ፣ ለነጭ ቀለም፣ ለጥይት። በ1570ዎቹ አዲስ ዓይነት ምድጃ መጣ። ስሙ ከሚነሣው አንዱ የለንደን ሳንቲም ማምረቻ የማዕድን መርማሪ የነበረው ዊሊያም ሃምፍሪ ነው፤ ሌላው የአካባቢው ባለርስት የሽሩውስበሪ መስፍን ነው። አዲሱ ምድጃ ነፋስ አይለምንም። ወናፉን የሚነፋለት የውሃ መንኮራኩር ነው። ደቃቁንም ማዕድን ይቀበላል። ስለዚህ ሥራው ከኮረብታ አናት ወርዶ ወደ ወንዝ ዳር ሄደ፤ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ቦሎቹ ጠፉ ማለት ይቻላል።

ጫካው ታሪኩ ውስጥ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ማዕድኑ የሚወጣበት አገር የኖራ ድንጋይ ስለሆነ ውሃው ወደ ውስጥ ይሰርጋል፤ ዛፉም ሳሳ ያለ ነው። ወደ ምሥራቅ፣ ዛሬ ሼፊልድ ከተማ ወዳለበት ሲወረድ ግን ሸለቆውም፣ ወንዙም፣ ደኑም አለ። እርሳሱ ተጭኖ ወደ ባሕር የሚወርደውም በዚያው አቅጣጫ ነው። ስለዚህ ማዕድኑ በጋማ ከብት ተጭኖ ወደ ማገዶው ሄደ።

ማገዶው ራሱ ግን ተራ ማገዶ አልነበረም። እርጥብ እንጨት ይጨሳል እንጂ በቂ ሙቀት አይሰጥም። ከሰል ደግሞ ለዚህ ምድጃ ሙቀቱ ይበዛበታል። መሃሉን ፈለጉ፤ እንጨቱን ሳያከስሉ ውሃውን ብቻ ማድረቅ። ይህን የደረቀ እንጨት «ነጭ ከሰል» አሉት። የሚደርቀው በጫካው ተዳፋት ላይ በተቆፈረ ክብ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ስፋቱ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ሜትር ይሆናል፤ በታችኛው በኩል ወደ ቁልቁለቱ የሚወጣ ቦይ አለው። ከላይ ሲታይ «ኪው» የሚባለውን የእንግሊዝኛ ፊደል ስለሚመስል ተመራማሪዎች «ኪው ጉድጓድ» ይሉታል። እኛ ብንሆን ዐይኑ «ዐ» ጅራት በቀለበት እንል ነበር።

ሼፊልድ ከተማ ጠርዝ ላይ ኤክልሶል የሚባል ጥንታዊ ደን አለ፤ ስፋቱ 140 ሄክታር ገደማ ነው። የከተማው ምክር ቤት በ1927 ገዝቶ ለሕዝብ መዝናኛ አድርጎታል። በዚህ አንድ ደን ውስጥ የነጭ ከሰል ጉድጓዶችና የከሰል ማክሰያ መደቦች ሲደመሩ በመቶዎች ይቆጠራሉ። ሰዎች ከነውሻቸው በአጠገባቸው ያልፋሉ፤ አብዛኛው ሰው ዛፍ ተነቅሎ የቀረ ጎድጓዳ ቦታ ይመስለዋል።

ለምን ተረፉ ቢባል መልሱ ቀላል ነው፤ ደን አይታረስም። እርሻ ላይ የነበረው ሁሉ በማረሻ ተገልብጦ ሲጠፋ ደኑ ውስጥ የነበረው ቅጠል ለብሶ ቆየ። ሆኖም ማንበቡ ቀላል አይደለም። ክፍል ውስጥ ስንማር ካርቦን 14 የሁሉ ነገር መፍትሔ ይመስለን የለ? ከ1650 ወዲህ ላለው ዘመን ግን ውጤቱ በጣም ሰፊ ስለሚሆን እምብዛም አይረዳም። ስለዚህ ተመራማሪው የጉድጓዱን ቅርጽ፣ ከወንዙ ያለውን ርቀት፣ የተሸካሚውን መንገድ፣ የባለርስቱን የሒሳብ መዝገብ አንድ ላይ ማንበብ አለበት። አሁን አሁን ደግሞ ከአውሮፕላን በሚለቀቅ የሌዘር ጨረር በዛፍ የተሸፈነውን መሬት ቅርጽ ማየት ተችሏል። ያም ሆኖ አንድ ሰው ሜትር ይዞ ጫካው ውስጥ ገብቶ ካላረጋገጠ ጨረሩ ብቻውን ታሪክ አይሆንም።

አሁን ወደ ክርክሬ ልግባ። የመስፍኑን ስም እናውቃለን፤ የሃምፍሪንም እናውቃለን፤ ስለ ምድጃው መብት የተከራከሩበት የፍርድ ቤት ወረቀት ሳይቀር ተቀምጧል። እንጨቱን ቆርጦ፣ ጉድጓዱን ቆፍሮ፣ ሌሊቱን እሳት ሲጠብቅ ያደረው ሰውዬስ? እሱ የጻፈው የለም፤ ስለ እሱ የጻፈም ብዙ የለም። ፊርማው ጉድጓዱ ነው። ኤክልሶል ደን ውስጥ አንድ ለየት ያለ ነገር አለ፤ የአንድ ከሰል አክሳይ የመታሰቢያ ድንጋይ። ጆርጅ ያርድሊ ይባላል። በኦክቶበር 11 ቀን 1786 እዚያው ጫካ ውስጥ ጎጆው በእሳት ተያይዞ ሞተ። ያርድሊ ከሰል አክሳይ እንጂ ነጭ ከሰል አድራቂ አልነበረም፤ ዘመኑም ዘግየት ይላል፤ ኑሮው ግን ያው የጫካ ኑሮ ነው። ድንጋዩን ካቆሙለት ሰዎች ውስጥ አንዱ መጥረጊያ ሠሪ፣ አንዱ ደግሞ የመጠጥ ቤት ባለቤት ነበሩ። መስፍን አላቆመለትም። ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ አባቴ ነው። ክምሩ ከተለኮሰ በኋላ አፈሩ ተሰንጥቆ አየር እንዳይገባ ለ4 ሌሊት እዚያው በቅጠል ጎጆ ያድር ነበር። እናቴ በእነዚያ ሌሊቶች እንቅልፍ አልነበራትም። ምን እንደምትፈራ ያኔ አልገባኝም ነበር።

ጉድጓዱ ሌላም የሚያስተምረን ነገር አለ። «ኢንዱስትሪ መጣ፣ ደን አለቀ» የሚል አጭር ታሪክ ለምደናል። ኤክልሶልና መሰሎቹ ግን በዚህ አጭር ታሪክ አይስማሙም። ነጭ ከሰል ከትልቅ ግንድ አይሠራም፤ የሚፈለገው ቀጭን እንጨት ነው። ስለዚህ ዛፉን ከታች ቆርጠው ጉቶው እንዲያቆጠቁጥ ይተዉታል፤ ከ20 ዓመት ገደማ በኋላ ተመልሰው ይቆርጡታል። የእኛ ሰው ባሕር ዛፍ ላይ የሚያደርገው ማለት ነው። ደኑን በየክፍሉ ተራ እያስያዙ ይቆርጣሉ፤ ለጋው ቡቃያ በከብት እንዳይበላ በካብና በአጥር ይከልላሉ። ደኑ በየዓመቱ ገንዘብ ስለሚያስገባ ባለቤቱ መንጥሮ እርሻ ሊያደርገው አልፈለገም። ኦሊቨር ራክሃም የተባሉት ስመ ጥር የእንግሊዝ ደን ታሪክ ጸሐፊ ደጋግመው ያስረዱት ይህንኑ ነው፤ ደን ፈላጊ ኢንዱስትሪ ባለበት አካባቢ ደኑ የመትረፍ ዕድሉ ይጨምር ነበር። ከ1730ዎቹ ጀምሮ በድንጋይ ከሰል የሚሠራ ምድጃ ደርቢሸር ሲገባ ነጭ ከሰል ቀስ በቀስ ቀረ፤ ጉድጓዶቹም ቅጠል ለበሱ።

ሳቀርብ አንዷ ጓደኛዬ እዚህ ላይ ጠንከር ያለ ጥያቄ አነሣች። «ታዲያ ከሰል ማክሰል ደን ይጠብቃል ልትለን ነው? የኛን ግራር ማን ጨረሰው?» እውነቷን ነው፤ ጥያቄው እኔንም ቤቴ ድረስ ይመጣብኛል። ልጅ ሳለሁ ከቤታችን ጓሮ ይጀምር የነበረው ግራር ዛሬ የግማሽ ቀን መንገድ ሸሽቷል። መልሴ ይሄ ነው። ደኑን ያዳነው ማክሰሉ ወይም ማድረቁ አይደለም። ያዳነው ተራው፣ አጥሩና «ነገም ከዚሁ ጉቶ እቆርጣለሁ» የሚለው እርግጠኝነት ነው። አባቴ የቆረጠው ግራር የእሱ አልነበረም፤ የማንም አልነበረም። ዛሬ እሱ ቢተወው ነገ ሌላ ሰው ይቆርጠዋል። ቡቃያውን የሚከልልበት መብትም አቅምም አልነበረውም። ጉድጓዱ የሚነግረን እንግዲህ ስለ እሳት ብቻ አይደለም፤ ደኑ የማን ነበር፣ በምን ሕግ ይቆረጥ ነበር የሚለውንም ነው። ይህ ደግሞ ለእኛ የዛሬ ጥያቄ ነው።

ነገሩን ማሳመር ግን አልፈልግም። ወንዝ ዳር ያለው ምድጃ መርዝ ይተፋ ነበር። የእርሳሱ ማዕድን ድኝ ስላለበት ሲቀልጥ የሚወጣው ጢስ ያፍናል፤ ከጢሱ ጋር የሚበነው እርሳስ ደግሞ ሣሩ ላይ ያርፋል። የደርቢሸር ሰዎች በእርሳስ ለተመረዘ ከብትና መሬት «ቤላንድ» የሚል የራሳቸው ቃል ነበራቸው። እርሳስ አይበሰብስም፤ በድሮ ማቅለጫዎች ዙሪያ ያለው አፈር ከ300 ዓመት በኋላም እርሳስ ይዟል። ይሄ የሩቅ አገር ወሬ ነው የሚል ካለ ወደ ዛምቢያ ይመልከት። ካብዌ ከተማ ያለው የእርሳስ ማዕድንና ማቅለጫ የተዘጋው በ1994 ነው። ከዚያ ወዲህ የተወለዱ ሕፃናት ደም ውስጥ ግን እርሳሱ ዛሬም ይገኛል። ስለዚህ የማቅለጫ ቅሪት የት እንዳለ ማወቅ ለታሪክ ብቻ ሳይሆን ለጤናም ይጠቅማል። ያልተመዘገበ ዝቃጭ ላይ ነገ ትምህርት ቤት ይሠራበት ይሆናል።

«አክሱምና ላሊበላ ጥገና እየጠበቁ ስለ ጉድጓድ ታወራለህ?» የሚሉኝ አሉ። ሐሳቡ አይናቅም፤ ገንዘባችን ትንሽ ነው። ግን ጉድጓድ መመዝገብ ስንት ይፈጃል? አንድ ሜትር፣ አንድ ኮምፓስ፣ አንድ ደብተር። ሐውልቱን ያቆመው ሰውም እኮ መሣሪያው የተሠራው የሆነ ቦታ ብረት ቀልጦ ነው። አገራችን ውስጥ ብረት በየቦታው ሲቀልጥ ኖሯል፤ በደቡብ የዲሜ ሕዝብ የብረት ማቅለጥ ጥበብ በተመራማሪዎች ተመዝግቧል። ያልተመዘገበው ግን ስንት ነው? ብረት አቅላጩን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ ቆዳ ፋቂውን ስም እየለጠፍን አቃልለናል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1908 ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማውጣታቸውን ለፈተና ሸምድደናል። ሰዎቹ የሠሩበትን ቦታ ግን ሄደን አላየንም። ስድቡን ብንተውም ንቀቱ በሥርዓተ ትምህርታችን ውስጥ ተደብቆ የቀረ ይመስለኛል።

ስለዚህ ለዲፓርትመንታችን ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ በአርኪዮሎጂ መግቢያ ትምህርት ቢያንስ አንድ ቅዳሜ በአቅራቢያችን ወዳለ ጫካ ወይም ኮረብታ ወጥተን የከሰል መደብ፣ የዝቃጭ ክምር፣ የሸክላ መተኮሻ ብናገኝ ለክተን እንመዝግብ። ሁለተኛ፣ ሥራውን የሚያውቁ አባቶችና እናቶች በሕይወት እያሉ እንጠይቃቸው። እንግሊዞቹ ነጭ ከሰል አድራቂውን የመጠየቅ ዕድል የላቸውም፤ ከጉድጓዱ ጋር ብቻ ቀርተዋል። እኛ ግን ሰውዬውም ጉድጓዱም አሉን። ሦስተኛ፣ የተመዘገበው ነገር በዚህች መጽሔት ይውጣ። የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ የጠፋበት ሁሉ እዚያ ያገኛል።

ገለጻዬ 15 ደቂቃ አልበቃውም፤ 25 ፈጀ። እንጨት እንዴት እንደሚደረደር፣ ጢሱ ሲቀጥን ምን ማለት እንደሆነ ሳስረዳ ያ የላጲሱ ልጅ እጁን አወጣና «አንተ ይሄን ሁሉ ከየት አመጣኸው? መጽሐፍ ላይ የለም» አለ። ትንሽ ዝም አልኩ። ከዚያ «አባቴ ከሰል አክሳይ ነው» አልኩ። ማንም አልሳቀም። ከክፍል ስንወጣ አንድ የማከብረው ልጅ ተከትሎኝ መጣና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የኔም እናት ሸክላ ሠሪ ናት» አለኝ። ሁለታችንም አንድ ክፍል ውስጥ 2 ዓመት ተቀምጠን ስለ ሰው ልጅ ቁሳዊ ባህል ስንማር ነበር።

በዚህ ሴሚስተር ምዝገባ «የወላጅ ሥራ» የሚለው ቦታ ላይ «ከሰል አክሳይ» ብዬ ሞላሁ። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ አነበበችው፣ ማኅተሟን መታችና «ቀጣይ!» አለች። ይኸው ነው። አባቴ በክረምቱ ስሄድ የድሮ ክምሮቹ የነበሩባቸውን ቦታዎች አንድ በአንድ ሊያሳየኝ ቃል ገብቶልኛል፤ በስልክ «ጉድጓድ ልታይ ነው የተማርከው?» ብሎ ስቋል። ሜትርና ደብተር ይዞ አብሮኝ መሄድ የሚፈልግ ካለ ስሜን በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ያገኘዋል።